ከቶራሲክ አውትሌት ሲንድሮም ቀዶ ሕክምና በኋላ የክንድ ተሐድሶ

ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ ጫፍ በተዘረጋው አጥንትና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ፣ የክንድ ነርቮች እንዲሁም ደም የሚያመጣውና ደም የሚመልሰው ሥር ተጠጋግተው ያልፋሉ። ይህች መተላለፊያ በአንገት ጡንቻዎች መኮማተር፣ በአደጋ ጠባሳ ወይም አብሮ በሚወለድ ትርፍ የአንገት ጎድን ምክንያት ስትጠብ የሚመጣው ሕማም ቶራሲክ አውትሌት ሲንድሮም ይባላል። ሦስት ዓይነት ሲሆን፣ ከመቶው ከ90 የሚበልጠው የነርቭ ሕማም ነው፤ ክንድ ከፍ ሲል ይደነዝዛል፣ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ይወርራሉ፣ እጅም ይዝላል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 ሆልምስ ኩት የተባለ ሐኪም በለንደን ትርፉን ጎድን በቀዶ ሕክምና አወጣ፤ በ1966 ደግሞ የዴንቨሩ ዴቪድ ሩስ በብብት በኩል ገብቶ የመጀመሪያውን ጎድን የማውጣትን ዘዴ አሳወቀ። ይሁን እንጂ ሕማሙ የዛሬ ስሙን ያገኘበት፣ በ1956 ከማዮ ክሊኒክ የወጣው ጽሑፍ፣ የሚመረምረው የአካል እንቅስቃሴን ሕክምና እንደ ነበር ልብ ሊባል ይገባል፤ ዛሬም በነርቭ ሕማም የተያዘ ሰው አስቀድሞ በፊዚዮቴራፒ ይታከማል፣ ቀዶ ሕክምናም የሚታሰበው ይህ ሳይበቃው ሲቀር ነው።

ከቀዶው በኋላ ባሉት ቀናት ተቀዳሚው ተግባር አተነፋፈስ ነው። ሕመምተኛው ጋደም ብሎ አንድ እጁን በደረቱ፣ ሌላውን በሆዱ ላይ አኑሮ፣ የሆዱ እጅ ብቻ ከፍ እንዲል በአፍንጫው ቀስ ብሎ አየር ይስባል፤ በደረት ብቻ የሚተነፍስ ሰው ጎድንን ወደ ላይ የሚስቡትን የአንገት ጡንቻዎች ያደክማልና። ቀጥሎም ነርቭ በአዲሱ ጠባሳ እንዳይያዝ የማንሸራተት ልምምድ ይመጣል፤ ክንዱን ወደ ጎን አንሥቶ፣ አንገቱን ወደዚያው ክንድ ሲያዘነብል ክርኑን ይዘረጋል፣ አንገቱን ወደ ሌላው ወገን ሲመልስ ክርኑን ያጥፋል፤ ነርቩም በሸማኔ እጅ እንዳለች መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ጣት መውረር ከጀመረ ግን ልምምዱን መቀነስ ግድ ነው፤ የተጨነቀ ነርቭ በኃይል ሲሳብ ይቆጣልና።

ከባድ ዕቃ ማንሣት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተከለከለ ሲሆን፣ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ እንደ ሐኪሙ ፈቃድ ትከሻን ወደ ኋላና ወደ ታች የሚይዙት የጀርባ ጡንቻዎች በቀላል ተቃውሞ መጠንከር ይጀምራሉ። የተጎዳ የነርቭ ዘንግ ዳግመኛ ሲያድግ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚራመድ፣ ከአንገት እስከ ጣት ያለውን መንገድ የሚጨርሰው በብዙ ወራት ነው። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የክንድ ማበጥ ወይም መጥቆር ከታየ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ቢላ መተላለፊያውን ይከፍታል፤ የክንድን አገልግሎት የሚመልሰው ግን በልክ የተመጠነ የዕለት ተዕለት ልምምድ ነው። ስለዚህም ቀዶ ሐኪሙና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ከቀዶው አስቀድመው መክረው የተሐድሶውን ሥርዐት ሊወስኑ፣ ለሕመምተኛውም ወራት የሚፈጅ ትዕግሥት እንደሚጠብቀው በግልጽ ሊነግሩት ይገባል።