ሕፃናት የማይመልሱት ዜማ

በቅርቡ በላሊበላ ከተማ በአንድ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፥ ሕፃናቱ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተሰብስበው የውጭ አገር የካርቱን ፊልም ይመለከቱ ነበር። የዚያ ዕለቱ ክፍል ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዘፈን የሚነገር ነው። ሥዕሉ ያማረ፥ ዜማውም ለጆሮ የሚጥም መኾኑን አልክድም። ጥድፊያው ግን! አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላው ይተካዋል፤ ለልጁ አፉን የሚከፍትበት ፋታ አልተተወለትም። ሲያበቃ ትንሿን ልጅ «ስለ ምን ዘፈኑ?» ብዬ ብጠይቃት ዝም ብላ ዐይን ዐይኔን አየችኝ።

እኛ በላስታ ያደግን ሰዎች ዜማን የለመድነው በመቀባበል ነው። በልደት በዓል በቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» ሲባል፥ ካህናቱ እኩሌቶቹ ከላይ ከዐለቱ አፋፍ፥ እኩሌቶቹ ከታች ከግቢው ቆመው ይመላለሱታል። ግዕዙን የማያውቅ ሕፃን እንኳ፥ አንዱ ወገን ሲያርፍ ሌላው እንደሚያነሣ በጆሮው ይጠብቃል። ለልጆች የሚደረስ ዜማም እንዲህ ያለ ዕረፍት ያሻዋል እላለሁ።

በአማርኛ የተሠራ የለም እንዳይባል፥ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» አለ። ይህን የቀጭኔ አሻንጉሊት ትርኢት ያዘጋጀው መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋራ በ2005 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ድርጅት ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ.ም የጃፓንን ሽልማት አግኝቷል። በማግሥቱ ከመዝሙሮቹ አንዱን አሳየኋቸው። ትንሿ ልጅ ከቀጭኔዋ ጋራ ልትዘምር ጀመረች፤ ቃሉን ብትስት ወንድሟ አረማት፥ እንደ ገናም እንዲከፈትላቸው ለመኑኝ።