ትልቅ ጎማ ከመገጠሙ በፊት

ክረምት በገባ ቁጥር በበቾና በአድአ ሜዳ፣ እንዲሁም በጎጃም መረሬ አፈር ላይ ያሉ የገጠር መንገዶች ለተሽከርካሪ አዳጋች ይሆናሉ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በወቅቱ መድረሱ፣ ምጥ የጠናባት እናትም ጤና ጣቢያ መግባቷ ጭቃውን በሚያልፍ መኪና ላይ የተመሠረተ ነው። ስለሆነም ላንድክሩዘርን የመሰለ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ያላቸው ማኅበራት መኪናውን ከፍ አስደርገው ትልቅ ጎማ ለማስገጠም ቢያስቡ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ከማኅበሩ ካዝና ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መሪዎች ጥቅሙንና ጉዳቱን ማመዛዘን ይገባቸዋል።

በመጀመሪያ ሁለቱን ሥራዎች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ባሌስትራው ወይም ሞላው ሲነሣ ከፍ የሚለው ሻንሲውና በላዩ ያለው አካል ነው። ከድንጋይ ጋር የሚጋጨው ዲፈረንሻል ግን በአክስሉ ላይ ስለሚገኝ ከነበረበት ከፍታ አይለወጥም። እርሱን የሚያነሣው ጎማው ብቻ ነው።

በጎማ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ማንበብ ቀላል ነው። 265 በ70 በ16 ቢል ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች ማለት ነው። የጎማው ሙሉ ቁመትም 777 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በ285 በ75 በ16 ቢለወጥ ቁመቱ 834 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ 57 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ዲፈረንሻሉ ከመሬት የሚርቀው የዚህን ግማሽ ብቻ ነው። ይኸውም 3 ሴንቲ ሜትር አይሞላም።

ለዚህች ከፍታ የሚከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም። ትልቅ ጎማ ስለሚከብድ ሞተሩና ፍሪሲዮኑ ይደክማሉ፤ ነዳጅ ይጨምራል፤ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ቶሎ አይቆምም። የፍጥነት መቁጠሪያው 80 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 86 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከሁሉም በላይ ከፍ የተደረገ መኪና በጠመዝማዛና በአግድም ተዳፋት ላይ በቀላሉ ይገለበጣል። በኋላ ሰው ወይም ኩንታል ሲጫን አደጋው ይብሳል።

በመረሬ ላይ ስፋት ብቻውን መፍትሔ እንደማይሆንም መታወቅ አለበት። የሚያጣብቀው ጭቃ የጎማውን ጥርስ ሲሞላው ሰፊውም ጎማ ይንሸራተታል። ከጭቃው ሥር ጠንካራ መሬት ካለ፣ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ጠባብ ጎማ ቆርጦ ቢያልፍ ይሻላል።

ለውጡ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይገባል። መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር፣ መኪናውም ተጭኖ አንዱ ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ፣ ጎማው ፓራፋንጎውንም ሆነ የፍሬኑን ቱቦ መንካት የለበትም። ባሌስትራው ሲዘረጋ የፍሬኑ ቱቦ መወጠር የለበትም። የጎማው የመሸከም አቅም ፋብሪካው ከወሰነው ማነስ የለበትም። መለዋወጫውን ጨምሮ አምስቱም ጎማዎች እኩል መሆን አለባቸው። የፊቱና የኋላው ከተበላለጡ አራቱም ሲጎትቱ ጥርሳ ጥርሱ ይጎዳል። መኪናው በየዓመቱ ስለሚመረመር የተሽከርካሪ ምዝገባ ጽሕፈት ቤትን አስቀድሞ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ለብዙ ማኅበራት ግን ርካሹ መንገድ ሌላ ነው። በፋብሪካው ልክ የሆነ ጥርሱ ያላለቀ የጭቃ ጎማ፣ የጎማ ሰንሰለት፣ አካፋና ጠንካራ መጎተቻ ገመድ በመኪናው ላይ ይኑር። በጭቃ ውስጥ የጎማው ነፋስ በመጠኑ ተቀንሶ፣ አስፋልት ከመውጣቱ በፊት ይሞላ። የተረፈው ገንዘብ ለመንገዱ የውኃ መውረጃ ቦይ ቢውል፣ የማኅበሩ መኪና ብቻ ሳይሆን የአባላቱ ጋሪና አህያም ያልፍበታል።