ጽራጻር (የሌሊት ፌንጣ) በቤት ውስጥ እንዴት ይያዛል?



ሌሊት ሲጮህ የሚያድረው ፌንጣ በዕብራይስጥ ጽራጻር ይባላል። እዚህ አገር ብዙ ትምህርት ቤት ፒናት ሐይ የሚባል እንስሳት የሚጠበቁበት ቦታ አለው። እዚያ ያሉ እንሽላሊቶች ይህን ፌንጣ ይበላሉ። ስለዚህ አንዳንድ ልጅ «አሳድግ» ተብሎ በሣጥን ይዞት ቤት ይመጣል። ለእኛ ተባይ ያመጣብን ይመስለናል፤ ለልጁ ግን አደራ ነው። አያያዙን ብናውቅ ልጁም አያፍርም፣ እኛም አንጨነቅም።

አንበጣ ነው ብላችሁ አትፍሩ። በ2013 በመጋቢት ከግብፅ ወደ ነጌቭ የገባው፣ በ2019 እና በ2020 ደግሞ ያገራችንን እህል የበላው አንበጣ ነው። ጽራጻር እንደዚያ በመንጋ እየበረረ ማሳ አያጠፋም።

ቤቱ፦ ጎኑ ለስላሳና ከፍ ያለ የፕላስቲክ ሣጥን ይበቃል፤ በለስላሳ ላይ መውጣት አይችልም። ክዳኑ ተቀዶ የሽቦ ወንፊት ይደረግበት። ጨርቅና ናይለን ከሆነ በልቶት ይወጣል። ውስጡ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ይቁም፤ መደበቂያው እሱ ነው። ቦታው ከጠበበ እርስ በርሱ ይበላላል።

ሙቀቱ፦ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ይስማማዋል። የቤር ሼቫ የክረምት ሌሊት ብርድ ነው፤ ሲበርደው አይበላም፣ አይጮህም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ። በበጋ ደግሞ ሚርፔሴት ላይ ፀሐይ ከመታው ባንድ ቀን ያልቃል።

ምግቡ፦ ፉርሽካ ዋናው ነው፤ በዕብራይስጥ ሱቢን ይሉታል። ትንሽ የዶሮ መኖ ይጨመርበት፣ ያ ሲጎድለው ነው ጓደኛውን የሚበላው። ካሮትና ሰላጣ በደንብ ታጥቦ በትንሽ በትንሹ ይሰጠው፤ መድኃኒት የተረጨ ቅጠል ይገድለዋል። የተረፈው በማግሥቱ ይውጣ፤ ይሻግታል። እንሽላሊቱም የሚጠግበው ፌንጣው ጠግቦ ከሆነ ነው።

ውሃው፦ በሳህን አይሰጥም፣ ገብቶ ይሞታል። ጥጥ አርሳችሁ አኑሩለት፤ በየቀኑ ቀይሩት።

እርባታው፦ የሚጮኸው ወንዱ ነው፤ ድምፁም ከአፉ ሳይሆን ክንፉን ከክንፉ ሲያፋጭ ነው የሚወጣው። ሴቷ ከኋላዋ እንደ መርፌ ያለ ነገር አላት፤ በዚያ እርጥብ አፈር ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ በትንሽ ዕቃ እርጥብ አፈር አስገቡላት። ሙቀቱ ደኅና ከሆነ በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። ጫጩቱ ከጤፍ ፍሬ ብዙ አይበልጥም። ሁለት ወር ሳይሞላው ያድጋል፤ ካደገ በኋላ የሚኖረው ግን ጥቂት ሳምንት ነው።

ዋናው ጥንቃቄ፦ ለጁክ ሪሱስ የሚረጭ ሰው ሲመጣ ሣጥኑን ከቤት አውጡት። መድኃኒቱ አይለይም፣ ሁሉንም ይገድላል። በመድኃኒት የሞተውን ደግሞ ለእንሽላሊት አትስጡ፤ እሱንም ይጎዳዋል። የሞተ በየቀኑ ይለቀም። ከነኩት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። የተረፈውንም ሜዳ ላይ አትልቀቁት፤ ለትምህርት ቤቱ መልሱ።

እስቲ አስቡት፦ ማደሪያ፣ መኖ፣ ውሃ፣ ከብርድና ከበሽታ መጠበቅ። ይሄ እኮ ከብት እርባታ ነው! በታይላንድ ወደ 20,000 የሚሆኑ ገበሬዎች ፌንጣ እያረቡ እንደሚሸጡ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2013 ጽፏል። እነሱ ዘንድ ከብት ማለት ይሄም ነው።

ልጆቻችን በዕብራይስጥ ቀድመውናል። የቤት ሥራ ሲያመጡ ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። በዚህ ግን ዝም የምንልበት ምክንያት የለም። ላምና ዶሮ ያሳደገ ሰው መቼ እንደሚበርደው፣ መቼ እንደሚርበው አይቶ ያውቃል። ቃሉን ልጁ ያስተምረን፣ አያያዙን እኛ እናስተምረው።