ከድንበር ማዶ የቀሩ ልጆች

ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ብሔረሰብ ታጣቂዎች በጋምቤላ ክልል የጂካዎና የላሬ ወረዳ የኑዌር መንደሮችን ወረሩ። ከ200 በላይ ሰው ገደሉ፣ ከ2 ሺህ በላይ ከብት ነዱ፣ ከ100 በላይ ሕፃናትንም ይዘው ሄዱ። መንግሥት የሁለት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፤ ሠራዊቱም ድንበር ተሻገረ።

ያ ዕለት በዜና ገነነ እንጂ ነገሩ የቆየ ነው። በዓመቱ፣ መጋቢት 2009፣ በዚያው ክልል በደረሰ ሌላ ወረራ 28 ሰዎች ሞቱ፤ 43 ሕፃናት ተወሰዱ። ሙርሌን ብቻ ወንጀለኛ ማድረግ ግን ስህተት ነው። ከማዶ በደቡብ ሱዳን ጆንግሌ ግዛት የሉ ኑዌር ወጣቶች ታኅሣሥ 2004 ወደ ሙርሌዎቹ አገር ወደ ፒቦር ዘምተው የሙርሌ ሴቶችንና ልጆችን ወስደዋል፤ ከዚያ በፊት በነሐሴ ሙርሌዎች የእነሱን ወስደው ነበርና።

ልጅ ለምን ይሰረቃል? በከብት ስለሚለወጥ፣ መውለድ ያልቻለ ቤተሰብ እንደ ልጁ ስለሚያሳድገው፣ ሴት ከሆነች ደግሞ ስትዳር የጥሎሽ ከብት ስለምታመጣ ነው። ወረራው በበጋ ይበረታል፤ ክረምት ሲገባ ሜዳው በውኃ ይዋጣል፤ የተወሰዱትን ልጆች ፍለጋም አብሮ ይቆማል።

በ2008 የተወሰዱት ልጆች በጥቂት በጥቂቱ ነው የተመለሱት። ሠራዊቱ ጫና ፈጥሯል፤ ልጆቹ ካሉበት ቤት እንዲወጡ ያግባቡት ግን በአብዛኛው የፒቦር አስተዳዳሪዎችና የሙርሌ አለቆች ናቸው። በ2013 በጆንግሌ ፒየሪ የተስማሙት የዲንካ፣ የኑዌርና የሙርሌ መሪዎችም የተጠለፉ ሴቶችና ልጆች እንዲመለሱ ቃል ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ በተባበሩት መንግሥታት አውሮፕላን ወደ ቤታቸው የተሸኙ አሉ። ጠመንጃ መንገድ ይዘጋ ይሆናል፤ ልጅን ከአሳዳጊው እጅ የሚያስለቅቀው ግን የሚታመን ሽማግሌ ነው ባይ ነኝ።

ሽማግሌውም ቢሆን የሚፈልገውን ማወቅ አለበት። የኑዌር ወንድ በልማዱ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ግንባሩ ላይ ስድስት መስመር ይበጣል፤ የሁለት ዓመት ሕፃን ግን ምንም ምልክት የለውም፤ የአባቱንም ስም አያውቅም። ጥቂት ዓመት ከቆየ ደግሞ የሚናገረው ሙርሌኛ ነው። የራሴ ነው የሚል ወላጅ ቢመጣ በምን ያስረዳል? በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በይፋ የተጀመረው ከዚያ ወረራ ከወራት በኋላ ነው፤ ስለዚህ የእነዚያ ሕፃናት የልደት መዝገብ በአብዛኛው አልነበረም።

ከተወሰዱት ልጆች ያልተመለሱ አሉ። የጋምቤላ ክልልና የጠረፍ ቀበሌዎች በጋው ሳይገባ እያንዳንዱን ሕፃን ከነፎቶግራፉ ይመዝግቡ፤ የጎደሉትን ልጆች ዝርዝርም ለማዶዎቹ አለቆች በእጃቸው ይስጡ።