አንድ ማሰሻ በሁለት መሣሪያ

ድረ ገጽን ፈልጎ በማግኘት በመስኮቱ የሚያሳየን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ማሰሻ ይባላል። ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ከታወቁት ማሰሻዎች መካከል ናቸው። ዛሬ በቢቸናም ሆነ በሞጣ የሚኖር ተማሪ ጧት በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር የጀመረውን ንባብ ማታ በእጅ ስልኩ ለመቀጠል ይሻል። ችግሩ የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የብራና መጻሕፍትን እናስብ። ከቢቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስና በመሰሎቹ አድባራት አንድ መጽሐፍ በእጅ ተገልብጦ ሁለት በሚሆንበት ጊዜ፣ በአንዱ ኅዳግ ላይ የታረመው ስሕተት በሌላው ላይ እንደ ነበረ ይቀራል፤ ሁለቱን አስተያይቶ የሚያስማማ ሰው እስኪገኝ ድረስም ቅጂዎቹ ይለያያሉ። በሁለት መሣሪያ ላይ ያሉ ማሰሻዎችም እንደዚሁ ናቸው። በኮምፒዩተሩ ላይ የተያዘው ዕልባት፣ የተጎበኙት ገጾች ዝርዝርና የተቀመጠው የይለፍ ቃል በስልኩ ላይ አይታወቁም።

አስማሚውን ሰው የሚተካው ማመሳሰል የተባለው አሠራር ነው። ተጠቃሚው በሁለቱም መሣሪያዎች በአንድ መለያ ስም ሲገባ፣ እያንዳንዱ ማሰሻ በራሱ ዘንድ የተደረገውን ለውጥ መዝግቦ ወደ ኩባንያው ማዕከላዊ ኮምፒዩተር ይልካል፤ በሌላው መሣሪያ የተደረገውንም ከዚያው ይቀበላል። ይህ ሁሉ የሚመላለሰው በኢንተርኔት ስለ ሆነ፣ መስመር ሲቋረጥ ማመሳሰሉም ይቆማል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ስፍራ ለወራት ሳይመለስ በቆየ ጊዜ፣ በዚያ መስመር ብቻ የሚገለገል ስልክ የያዘውን ዕልባት ከማሳየት በቀር ከሌላ መሣሪያ አዲስ ነገር ሊደርሰው አይችልም ነበር። ሆኖም ለውጡ አይጠፋም፤ መስመሩ እስኪመለስ በመሣሪያው ውስጥ ተመዝግቦ ይጠብቃል።

ማመሳሰል የገጹን መልክ አይመለከትም። ገጹ በጠባቡ የስልክ መስኮት መጥኖ እንዲታይ ማድረግ የገጹ አዘጋጅ ሥራ ነው። ፊደላችንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ እስኪገባ ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ ቁጥር ስለ ነበረው፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው በሌላው ላይ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታይ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው የምሥጢር ጉዳይ ነው። ፋየርፎክስ መረጃውን ከመሣሪያው ሳይወጣ ይመሰጥረዋል፤ ስለዚህ የማዕከሉ ባለቤት እንኳ ሊያነበው አይችልም። ክሮምም ተጠቃሚው የራሱን የምሥጢር ሐረግ ካወጣ ይህንኑ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ጥበቃው ሁሉ በጋራ ኮምፒዩተር ፊት ከንቱ ሊሆን ይችላል። አንድ ተማሪ በኢንተርኔት ቤት የፈተና ውጤቱን ለማየት ገብቶ ማመሳሰልን ከከፈተ በኋላ ሳይዘጋው ቢሄድ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ከወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው በስልኩ ላይ ያስቀመጣቸውን የይለፍ ቃሎች ጭምር ሊያገኝ ይችላል። በእንዲህ ያለ ስፍራ በማሰሻው ላይ የእንግዳ መስኮት ከፍቶ መሥራት ይሻላል፤ መስኮቱ ሲዘጋ ማሰሻው የጉብኝቱን ዝርዝር አያስቀርምና። ረስቶ የወጣ ተማሪ በስልኩ ወደ መለያው ቅንብር ገብቶ ያንን ኮምፒዩተር ሊያስወጣና የይለፍ ቃሉን ሊለውጥ ይችላል፤ አስቀድሞ የወረደው መረጃ ግን በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ሊቀር ስለሚችል፣ በውስጡ የነበሩትን የሌሎች ገጾች የይለፍ ቃሎችም አንድ በአንድ መለወጥ ይኖርበታል።