ለስደተኛ ልጆች ትምህርት የሚሰበሰበው ገንዘብ ምን ላይ ይውላል?

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ለስደተኛ ልጆች ትምህርት ተብሎ ባዛር፣ የቡና ዝግጅት ወይም የእግር ጉዞ ሲጠራ ብዙ ሰው አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ «የመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ አይደለም እንዴ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። አዎ፣ በነጻ ነው። ነገር ግን ልጅ ስለተመዘገበ ብቻ አይማርም። ገንዘብ የሚያስፈልገው ከምዝገባው በኋላ ላለው ነው።

ከተማ ውስጥ ያሉት ስደተኞች እነማን ናቸው?

ኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን ታስተናግዳለች። አብዛኞቹ በጋምቤላ፣ በሶማሌና በሌሎች ክልሎች ባሉ መጠለያዎች ይኖራሉ። አዲስ አበባ የተመዘገቡት ከ70 ሺህ በላይ ሲሆኑ የሚበዙት ኤርትራውያን ናቸው። ሶማሊያውያን፣ የመናውያን፣ ሱዳናውያን፣ ደቡብ ሱዳናውያንና ኮንጎአውያንም አሉ። በተለይ ቦሌ ሚካኤል ሶማሊኛ በየሱቁና በየሻይ ቤቱ የሚሰማበት ሰፈር ነው።

ከተማ የሚኖር ስደተኛ ሁሉ እርዳታ ያገኛል ማለት አይደለም። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ራሳቸውን የሚችሉ ወይም ዘመድ የሚረዳቸው ኤርትራውያን ከመጠለያ ውጭ እንዲኖሩ ተፈቅዷል። ፈቃዱ ግን ወርኃዊ ድጎማ የለውም። በትግራይ ጦርነት ሽመልባና ሕፃፅ መጠለያዎች ከተዘጉ ወዲህ ደግሞ በርካታ ቤተሰቦች ወደ አዲስ አበባ መጥተዋል። ለእነዚህ ወላጆች የቤት ኪራይ ከሁሉም ይቀድማል፤ ለልጅ የሚተርፈው ከዚያ የቀረው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ የ1951ዱን (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት ስትቀበል ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚናገረውን ድንጋጌ እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ እንደማታየው አስመዝግባ ነበር። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ግን ከዚያ ርቆ ሄዷል። በአዋጁ መሠረት ስደተኛም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂ በቅድመ አንደኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያዊ እኩል ይስተናገዳል። ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ያለው በአገሪቱ አቅምና በትምህርት ፖሊሲው ይወሰናል።

እንግዲህ ስደተኛ ልጅ አዲስ አበባ ባለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲቀመጥ ሕግ የሰጠውን መብት ይጠቀማል፤ ማንም በችሮታ አላስገባውም።

ታዲያ ምን ይጎድላል?

የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። በከተማዋ አብዛኞቹ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በአማርኛ ነው። ትግርኛ ያነበበ ልጅ ፊደሉን ያውቀዋል፤ የሚቸግረው ትርጉሙ ነው። ሶማሊኛን በላቲን፣ ዓረብኛን በራሱ ፊደል የተማረው ግን ከ«ሀ ሁ» መጀመር አለበት። የ13 ዓመት ልጅ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ሲቀመጥ ያፍራል፤ ያፈረ ልጅ ደግሞ ይቀራል። ጥቂት ወራት የሚወስድ የማካካሻ ትምህርት ይህን ያቃልላል። ለዚያ አስተማሪ፣ መጽሐፍና ከሰዓት በኋላ ክፍት የሚሆን ክፍል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ቤቱን ጥሎ የሸሸ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የልጁን የትምህርት ማስረጃ ይዞ አይመጣም። የክፍል ምደባ ፈተናና አብሮ ቢሮ ለቢሮ የሚሄድ፣ ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ዕለታዊ ወጪ ነው፤ ትራንስፖርት፣ ጫማ፣ ቦርሳ፣ መነጽር። ከተማ አስተዳደሩ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የጀመረው የምገባ፣ የደንብ ልብስና የደብተር አቅርቦት የወላጆችን ሸክም አቅልሏል። ኪራይ ውድ ሆኖበት ሰፈር የሚቀያይር ቤተሰብ ግን ልጁን በታክሲ መላክ ወይም ማስቀረት ግድ ይሆንበታል።

ክፍተቱ ልጁ ባደገ ቁጥር ይሰፋል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው የትምህርት ዘገባ፣ በዓለም ላይ አንደኛ ደረጃ የሚገቡት ስደተኛ ልጆች 65 በመቶ፣ ሁለተኛ ደረጃ 42 በመቶ፣ ከፍተኛ ትምህርት የሚደርሱት ደግሞ 7 በመቶ ብቻ ናቸው።

ጥሩ ዝግጅት እንዴት ይሠራል?

ሰበብ የሚሆን ቀን አይጠፋም። ሰኔ 13 የዓለም የስደተኞች ቀን ነው። የአፍሪካ የስደተኞች ስምምነት ራሱ የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫም ከውድድሩ ጎን ለጎን ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ሲያሰባስብ ቆይቷል። ለትልቅ ባዛር ሚሊኒየም አዳራሽ አለ፤ ለትንሹ የኮንዶሚኒየም ግቢና የእድር ድንኳን ይበቃል።

ስኬቱ የሚለካው ግን በታዳሚው ብዛት አይደለም። አዘጋጁ አስቀድሞ ወደ አንድ የታወቀ ትምህርት ቤት ሄዶ «ምን ጎደላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ዋጋውን አስልቶ ለታዳሚው በግልጽ ይንገር። የሚገዛው ነገር የሰፈሩን ልጆችም ይጥቀም። የማካካሻ ክፍሉም ሆነ ቤተ መጻሕፍቱ ለሁሉም ክፍት ሲሆን «ለኛ ልጆችስ?» የሚለው ቅሬታ መነሻ ያጣል። ሌላው ወጥመድ የቃል ኪዳን ገንዘብ ነው። በጨረታና በጭብጨባ መካከል ቃል የተገባው ሁሉ አይሰበሰብም። ስለዚህ እዚያው በቴሌብር ወይም በባንክ የገባውን ብቻ ቆጥሮ ማቀድ ይበጃል።

የግንዛቤው ክፍልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስደተኛን ልጅ መድረክ ላይ አቁሞ መከራውን ማስተረክ፣ ፊቱንና ስሙን ማሰራጨት አይገባም። አገሩ የቀረ ዘመድ ሊጎዳበት ይችላል፤ ነገ ደግሞ የክፍል ጓደኞቹ ያዩታል። ስለ ሕጉና ስለሚያስፈልገው ነገር ማስረዳት ለአድማጭ ይበቃል።

ከመስጠትዎ በፊት

ገንዘቡን የሚቀበለው ድርጅት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ይጠይቁ። ሒሳቡ በግለሰብ ስም ሳይሆን በድርጅቱ ስም መከፈቱን ይመልከቱ፤ ደረሰኝ ይቀበሉ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ በላይ ለአስተዳደር ወጪ እንዳያውል ይከለክላል፤ ስለዚህ «ስንቱ ለልጆቹ ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ገንዘብ ከሌለዎት በሳምንት አንድ ከሰዓት አማርኛ ማስተማር ወይም ለአዲስ ወላጅ የትምህርት ቤቱን ቢሮ ማሳየት ይችላሉ። በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ምዝገባ ሲጀመር በአካባቢዎ ያለውን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ይጠይቁ፤ የጎደለውን ከማንም በተሻለ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።