ከዕለቱ ገቢ ላይ የባጃጁ ድርሻ ስንት ነው?

ማታ ማታ ሻይ ቤት ስንገናኝ ከባጃጅ ነጂዎች አፍ የሚወጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ዛሬ ስንት ገባልህ?» አንዱ ሺህ ይላል፣ ሌላው ሺህ ሁለት መቶ፣ ጉራ የሚወደው ደግሞ ሁለት ሺህ ያስገባዋል። «ስንት ኪሎ ሜትር ነዳህ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ጥያቄ ቤት የሚያቆምም የሚያፈርስም ይመስለኛል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ከሰው ይልቅ የምጭነው ምግብ ይበዛል። ጎህ ሲቀድ ከእንጀራ ጋጋሪዎች ቤት ወደ ምግብ ቤቶች እንጀራ፣ ከዳቦ ቤት ወደ ሱቆች ዳቦ፣ ቀን ላይ ደግሞ ወደ ቢሮና ወደ ግንባታ ቦታ ምሳ አደርሳለሁ። በገበያ ቀን ድንችና በርበሬ በጆንያ አለ። ቡሬ ላለ ሰው የሚላክ ነገር ካለ መናኸሪያ አድርሼ ሚኒባስ ላይ እጭነዋለሁ፤ እዚያ ሌላ ባጃጅ ይቀበለዋል። አዲስ አበባ ያለ ሰው በዴሊቨር አዲስ ወይም በቢዩ ዴሊቨሪ ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ያዛል። የእኛ አፕ ስልክ መደወል ነው፤ «ወንድሜ፣ ሁለት ሽሮ ከእነትና ቤት አምጣልኝ» ይባላል፣ ይኬዳል።

ሥራው ክፉ አይደለም። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ከተመረቁ ወዲህ ስለ ምግብ ማድረስ የሚያስብ ወጣት ብዙ አያለሁ። ሠራተኛ ባለበት ምሳ አለ፤ ምሳ ባለበት የሚያደርስ ያስፈልጋል። ችግሩ ያለው ባጃጁ ምን ያህል እንዳለቀ ሳናውቅ መሥራታችን ላይ ነው።

አንድ ጓደኛ አለኝ። ቤተሰቡ ሁለት በሬ ሸጦ፣ እሱ የእቁብ ዕጣ ጨምሮ ባጃጅ ገዛ። ሰነፍ አይደለም፣ አይጠጣም፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ይወጣል። አራት ዓመት ሠራ። በአራተኛው ዓመት ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ ማጨስ፣ ዘይት መብላት ጀመረ። ሻንሲው ዝጎ ነበር። ሲሸጠው ያገኘው ብር የአዲስ ባጃጅ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ዛሬ ተቀጥሮ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ገንዘቡ የት ሄደ? ሌባ አልወሰደውም። ገቢ ነው እያለ ባጃጁን በየቀኑ ቆርሶ በልቶታል።

ምግብ ማድረስ ለምን ያስረጃል?

ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር በአስፋልት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሚኒባስና ከተማ ውስጥ ምሳ የሚያደርስ ባጃጅ አንድ ዓይነት ኪሎ ሜትር ቢቆጥሩም እኩል አያረጁም። የምግብ ሥራ መቆምና መነሳት ነው። በየ500 ሜትሩ ትቆማለህ፣ ትነሳለህ። በተነሳህ ቁጥር ፍሪሲዮኑ ይፋጫል፣ በቆምክ ቁጥር የፍሬን ሸራው ይላጫል። ባዶ ስትሆን ብዙ አይታወቅም፤ ኋላ ላይ ሁለት ጆንያ ድንች ሲጫን ግን ልዩነቱ እግርህ ላይ ይሰማሃል።

ሌላው አጭር ጉዞ ነው። ሞተር በደንብ ሳይሞቅ ሲጠፋ ያልተቃጠለ ቤንዚንና እርጥበት ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ይቀጥናል፣ የማለስለስ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ በአጭር ጉዞ የሚሠራ ሞተር ዘይቱ ቶሎ መቀየር አለበት። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንቀይረው ጠቁሮ ስናየው ወይም መካኒኩ ሲቆጣን ነው። ምግብ ቤት በር ላይ «አሁን ይወጣል» ተብሎ ሞተር ሳይጠፋ የሚጠበቀው 15 ደቂቃም አለ። ያን ጊዜ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ዝም ይላል፣ ሞተሩ ግን እየሠራ ነው።

መንገዱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ኮብልስቶኑ ሞላውንና ኩሽኔታውን ያንቀጠቅጣል። ከአስፋልት ወጥተን ወደ ገጠር ቀበሌ ስንገባ በበጋ ቀዩ አቧራ ፊልትሮውን ይደፍነዋል፤ ፊልትሮው ካልጸዳ ሞተሩ አየር ያጣል፣ ከተቀደደ ደግሞ አቧራው ገብቶ ፒስተኑን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል። በክረምት ጭቃው ፍሬኑ ውስጥ ይገባል። ፈሶ የቀረ ወጥና ጨው የነካው ውኃ ወለሉ ሥር ተኝቶ ብረቱን ይበላዋል። የጓደኛዬን ሻንሲ የበላው ይኸው ነው።

ከፍታውም አለ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቡሬ ከዚያም ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ወደ 200 ሲሲ የሆነች ትንሽ ሞተር የጎደላትን አቅም የምታካክሰው ይበልጥ በመጮህ ነው። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ስትንጫጫ የምትሰሟት ለዚህ ነው።

እስኪ እናስላው

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ እናንተ በየራሳችሁ ዋጋ ተኩዋቸው።

አንድ ባጃጅ በ400,000 ብር ተገዛ እንበል። በቀን 80 ኪሎ ሜትር ቢነዳ በዓመት ወደ 25,000፣ በአራት ዓመት ወደ 100,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚያ በ200,000 ብር ቢሸጥ የጠፋው 200,000 ብር ነው። ለ100,000 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በኪሎ ሜትር 2 ብር። ሦስት ጎማ በ9,000 ብር ገዝታችሁ 15,000 ኪሎ ሜትር ቢያስኬዳችሁ 60 ሳንቲም። በየ4,000 ኪሎ ሜትሩ ለዘይትና ለፊልትሮ 1,200 ብር ብታወጡ 30 ሳንቲም። የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታና የመካኒክ እጅ በዓመት 27,500 ብር ቢሆን 1 ብር ከ10 ሳንቲም። ሲደመር በኪሎ ሜትር 4 ብር መጣ።

በቀን 80 ኪሎ ሜትር ማለት 320 ብር ነው። ማታ ነዳጅ ተቀንሶ «ሺህ ብር ቀረኝ» ያልነው ልጅ በእውነት የቀረው 680 ብር ነው። በዓመት ሲሰላ ወደ 100,000 ብር የሚጠጋ ገንዘብ የእሱ ሳይሆን የባጃጁ ነበር።

ደንበኞችም ይህን ብታውቁት ደስ ይለኛል። «አምስት ኪሎ ሜትር ለማትሞላ መንገድ 100 ብር? ወይ ዘንድሮ!» ትላላችሁ። ነጂው ግን ባዶውን ይመለሳል፤ ጉዞው አሥር ኪሎ ሜትር ነው። እርጅናው 40 ብር፣ ነዳጁ በምሳሌያችን 56 ብር ቢሆን ለግማሽ ሰዓት ድካሙ የቀረው 4 ብር ነው። በአራት ብር ደግሞ ሻይ እንኳ አይጠጣም።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በኡበር ኢትስና በዶርዳሽ ምግብ የሚያደርሱ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። የአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት ለሥራ ለተነዳ እያንዳንዱ ማይል ከገቢ ላይ የሚቀነስ ሒሳብ በየዓመቱ ያወጣል፤ ለ2025 (እ.ኤ.አ.) 70 ሳንቲም ነበር። ነዳጅ፣ ጥገና፣ ኢንሹራንስና እርጅና በዚያ ውስጥ ተጠቃለዋል። የእኛም ሕግ ንብረት እንደሚያረጅ ያምናል። የፌዴራል ገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 ለሕንፃ በዓመት 5 በመቶ፣ ለኮምፒውተር 20 በመቶ፣ ለአብዛኛው ሌላ ንብረት 15 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ይፈቅዳል። ይህ የሚጠቅመው ግን የሒሳብ መዝገብ ለያዘ ነው። የእኛ መዝገብ ኪሳችን ነው፤ ኪስ ደግሞ የትናንቱን አያስታውስም።

ወይፈኑን ማን ያሳድግ?

ጃቢ ጠህናን ውስጥ የሚያርስ አጎት አለኝ። ስለ ሒሳብ አያያዝ ተምሮ አያውቅም። ነገር ግን በሬው ገና በደህና እያረሰ ሳለ በረቱ ውስጥ ወይፈን ያሳድጋል። «በሬው እኮ ገና ጠንካራ ነው፣ ወይፈኑን ለምን አትሸጠውም?» ብለው የሚጠይቁት አሉ። «በሬ የሚያረጀው አንተን አስፈቅዶ ነው እንዴ?» ይላቸዋል። ወይፈን ያላሳደገ ገበሬ በሬው ሲወድቅበት መቀናጆ ፍለጋ ይወጣል፤ የሌላው ሰው ማሳ እስኪታረስ ዝናቡ አይጠብቀውም።

በሬ ሸጠን ባጃጅ የገዛን የገበሬ ልጆች ይህን ጥበብ በረት ውስጥ ትተነው መጣን። በሬው ሲደክም ፈትተን እናሳርፈው ነበር፣ ባጃጁን ግን ለሁለት ሹፌር ሰጥተን ሌሊቱንም እናስሮጠዋለን። በሬው ሲያነክስ እናየው ነበር፣ የባጃጁ ፍሬን ሲንሸራተት ግን «እስከ ቅዳሜ ይችላል» እንላለን። እስከ ቅዳሜ ባይችልስ? ኋላ የተቀመጠው እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ከእንጀራው ጋር ጋጋሪዋ ልጇን አዝላ የምትሳፈርበት ቀን አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ወይፈኑን በድሮ ዋጋ አትቁጠሩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባጃጁም መለዋወጫውም ከውጭ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ለእርጅና የምታስቀምጡት ዛሬ አዲሱ በሚሸጥበት ዋጋ ተሰልቶ መሆን አለበት። ከአራት ዓመት በፊት በገዛችሁበት ዋጋ ካሰላችሁት፣ ጊዜው ሲደርስ እጃችሁ ላይ ያለው ብር ሦስት ጎማና አንድ መሪ ብቻ ይገዛል።

«ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ይህ ሁሉ ይቀራል» የሚሉም አሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ወሬው በዝቷል። እውነት ነው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባጃጅ የሞተር ዘይት አይፈልግም፣ ካንዴላና ፍሪሲዮን የለውም። ጎማው፣ ሞላውና ኩሽኔታው ግን ያው ናቸው፤ ባትሪውም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያረጃል፣ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ጊዜ ከባድ ገንዘብ ይጠይቃል። እንደዚያ ላለው ባጃጅ ወይፈን ማሳደግ ይበልጥ ያስፈልጋል።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፣ ማታ ደግሞ እንደገና። የሁለቱን ልዩነት በአራት አባዛና ያን ያህል ብር ወዲያው በቴሌብር ወደ ሌላ ሰው ስልክ እልካለሁ፤ እናቴ ጋ። እሷ የእቁብ ሰብሳቢ ልማድ ስላላት ለጎማና ለዘይት ካልሆነ ሳንቲም አትሰጠኝም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቆጣሪው ከተሰበረ መጀመሪያ የሚጠገነው እሱ ነው፤ ሳይቆጥሩ መንዳት ሳይመዝኑ እህል እንደመሸጥ ነው።

ይህን ካደረግኩ ወዲህ ሦስት ጥሪ እምቢ ብያለሁ። ሩቅ ነበሩ፣ መንገዱ ጭቃ ነበር፣ የቀረበልኝ ብር ደግሞ ነዳጁንና እርጅናውን አይሸፍንም። አንደኛዋ ደንበኛ ተቀየመችኝ። ስሌቱን በድምፅ መልእክት አስረዳኋት። በማግሥቱ መልሳ ደወለች፤ ከጎረቤቶቿ ጋር ሆነው የአራት ቤት ምሳ አንድ ላይ አዘዙና ሒሳቡን ተካፈሉት። አንድ ጉዞ፣ አራት ምሳ፣ እርጅናውም ለአራት ተከፈለ። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ እንደዚያው እያደረግን ነው።